የኪዳነ ምሕረት ጽዋና የመስታወቱ ቡፌ

ለዘመድኩን፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያምሃል? የደም ግፊት መድኃኒትህን በሰዓቱ ትውጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሚስትህ ፀዲ ከኋላህ ስትሮጥ ትውላለች? እሷ ራሷስ እንዴት ናት? ልጅህ እሌኒስ ትምህርቷን እንዴት ይዛለች? ዘበኛህ፣ ውሻህ፣ ጎረቤቶችህ ሁሉም ደህና ናቸው? ቡፌህስ ደህና ነው? መስታወቱ አቧራ አልያዘም? ውስጡ ያስገጠምክለት መብራት አልተቃጠለም? አደራህን፣ ከሁሉም በላይ እሱ እንዳይታመምብህ።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው አንዲት ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ማሞቂያው ከሰኞ ጀምሮ ስለተበላሸ ካፖርቴን ደርቤ ነው የምጽፍልህ፤ ቢሆንም አልበረደኝም። ከአንተ ጋር ከተነጋገርን ወዲህ ንዴቱ ራሱ ያሞቀኛል። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ብዬ ነበር የምጀምርልህ። ዛሬ እጄ እምቢ ስላለኝ በስምህ ጀምሬያለሁ። ሰላምታውንም የጻፍኩት እማዬ ደብዳቤ ጤና ሳይጠየቅበት እንዳይጀመር አድርጋ ስላሳደገችን እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ። ሁለተኛ ጊዜ ስልኩን ለእንግዶችህ ጮክ አድርገህ ከፍተህ፣ ከካናዳ የደወለችው ዶክተሯ እህቴ ናት ብለህ አስተዋወቅኸኝና ሰው ፊት አፌን አስያዝኸኝ። ሦስተኛ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደግሞ ዶክተር አይደለሁም። ገና ተማሪ ነኝ፤ ይህንንም ስንቴ ነግሬሃለሁ። አሁን ዝም ብለህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ነገሩ ስለ ማኅበራችን ጽዋ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ሥራህን ሳይ የረሳኸው ስለመሰለኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የጉለሌው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አሥራ ሁለት ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወር። ጽዋው የነሐስ ነው፣ ቁመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፣ እግሩ ባንድ ወገን ተጠግኗል። ወር በገባ በአሥራ ስድስት የወሩ ተረኛ ቤት ይውላል። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ደጃፉን ጠርጎ ይጠብቃል። ጸሎት ደርሶ ሁሉም ከጽዋው ከቀመሰ በኋላ የሚቀጥለው ተረኛ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ያን ዕለት የተረኛው ቤት ጭቃ ይሁን ብሎኬት የሚጠይቅ የለም። እትዬ አክሱማዊትን አስታውሳት፤ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ማንም ቀና ብሎ የማያያት ሴት፣ ኅዳር አሥራ ስድስት ስትደርስ ግን አባቶቻችን ሁሉ ተነሥተው እጅ ይነሷት ነበር። በልጅነቴ እሷ ንግሥት ትመስለኝ ነበር።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ስታነበው ስለከረምክ፣ እኔ ብናገረው የሚጎድልብኝ የለም። በ2016 መስከረም እማዬ ቤት ሆነህ በቪዲዮ ደወልክልኝ። የወሩ ተረኛ ታሞ ለእማዬ በአደራ ስለሰጣት ጽዋው እዚያ ነበረና አነሣህ፣ አሳየኸኝ። እኔ እዚህ በሳምንት ሦስት ቀን የአንድ ሙዚየም ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ የጥንት ቻይና ነሐሶችን እያየሁ፣ እየለካሁ እመዘግባለሁ። ቀኑን ሙሉ ጓንት አድርጌ ስለምውል በባዶ እጅ የተያዘ ነሐስ ሳይ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ገልብጠህ አሳየኝ አልኩህ። እግሩ ተሰብሮ እንደነበር፣ ከዚያም ሌላ ነሐስ ቀልጦ እላዩ ላይ እንደፈሰሰበት አየሁ፤ የማጥናቸው ዕቃዎችም እንዲሁ ነው የሚጠገኑት። በደስታ ዘለልኩ። ከዚያ በኋላ የተናገረው አፍ የእኔ ሳይሆን የሙዚየሙ ነው። ጠላ አይፈስበት፣ በባዶ እጅ አይነካ፣ ከቤት ወደ ቤት አይዙር፣ ደረቅ ቦታ ላይ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ አልኩህ። በጽሑፍ አድርጊልኝ ስትለኝም አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁልህ። እንዲያውም ኮርቼ ነበር። ከቤት ወደ ቤት የማይሄድ የማኅበር ጽዋ ምን እንደሚባል ለራሴ አልጠየቅሁም። የእማዬ ልጅ ሆኜ ያን ወረቀት መጻፌን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

አንተ ግን ነገሩ የት እንደሚያደርስህ ወዲያው ገብቶሃል። ጓዝህን ጠቅልለህ አያት ሰፈር የሠራኸው ቤት ገብተሃል፤ ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ የጎደለው፣ ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ነገር ነበር። ባለ መስታወት፣ ባለ መብራት፣ ባለ ቁልፍ ቡፌ አሠራህ። ወረቀቴን ላሚኔት አስደርገህ ከጎኑ ሰቀልክ። ከዚያም ማኅበርተኛውን ሰብስበህ፣ ሳይንስ የሚለው ይህ ነው፣ ከእንግዲህ ጽዋው የሚወጣው እኔ ቤት ብቻ ነው አልክ። ዘመናዊ እናድርገው ያልከውን ሰምቻለሁ። ሰዎቹ የተማረ ስለሚያከብሩ እሺ አሉ። ያከበሩት እኔን እንደሆነ ሳስብ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለቱም ወር ያንተ ሆነ። ከጉለሌ አያት ድረስ ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ነው፤ የማኅበሩ ሰው ግማሹ ምርኩዝ ይዞ የሚሄድ ነው። የመጡት በርህ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽብህ። አንተ ከቡፌው ሥር ትቀመጣለህ። የሥራ ወዳጆችህ፣ የማኅበሩን ጸሎት በቅጡ የማያውቁት፣ በቀኝ በግራህ ይቀመጣሉ። ጽዋው አይቀመስም፤ ይታያል። ጠላው በብርጭቆ ይቀዳል። እትዬ አክሱማዊት በመጀመሪያው ኅዳር መጥታ በሩ ጋ ተቀምጣ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ ብለህ አትድከም። የነገረኝ አንድ ሰው አይደለም።

ቅር ላላቸው ደግሞ መፍትሔ አግኝተሃል አሉ። ከመርካቶ አሥራ አንድ የሚያብለጨልጩ ኩባያዎች ገዝተህ ለየቤቱ አደልክ፣ በየወራችሁ በዚህ ጠጡ ብለህ። ለእማዬም አንድ ደርሷታል። በመስኮቷ ላይ አስቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ታደርግበታለች። ምን ላድርገው፣ ልጄ የሰጠኝን አልጥለውም አለችኝ። እንደቀልድ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ በትምህርቴ ስም ስትናገር ስለኖርክ፣ ትምህርቴ ምን እንደሚል ከእኔው ስማ። የማጠናው ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከቻይና ነገሥታት ከተሞች ርቆ በአንድ ወንዝ ዳር የኖረ የመንደር ሕዝብ ነው። የመንደሩን ስም ብጽፍልህ ስለማትይዘው እተወዋለሁ። ያ ሕዝብ ነሐስ ማቅለጥ ከትልልቆቹ ከተሞች ተማረ፤ መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ በሸክላ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ የመጠጥ ጽዋ መሥራት ጀመረ። ጽዋው ለሟች አያቶች መታሰቢያ የሚጠጣበት ነበር። እኛ መቃብሮቻቸውን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀድሞው ወደ ኋለኛው እየቆጠርን እናነባለን። ከመቶ በላይ ናቸው።

በታችኞቹ፣ በጥንቶቹ መቃብሮች ውስጥ ነሐስ በየቤተሰቡ አለ። ትልቅ አይደለም፤ አንዲት ጽዋ፣ አንዳንዴም የጽዋ እግር ብቻ። በሴቶች መቃብር አለ፣ በሽማግሌ መቃብር አለ። አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠግነዋል። የእኔ ሥራ የዕቃውን ከንፈር በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፤ ብዙ አፍ የነካው ነሐስ ከንፈሩ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። የእነዚህ ሁሉ ከንፈር የሳሳ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ኋለኛው ዘመን ስትመጣ ነሐሱ ከየቤተሰቡ መቃብር እየጠፋ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በአንድ መቃብር ብቻ አርባ አንድ ነሐስ ተከምሮ ታገኛለህ። የመቃብሩ ቁጥር ሰማንያ ስምንት ነው። የተቀበረበት ትልቅ ሰው ነበር። ከአርባ አንዱ አንዱም ከንፈሩ አልሳሳም፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠጣባቸውም።

በዚያው ዘመን በተቀበሩት በተራ ሰዎች መቃብር ውስጥስ ምን እንዳለ ታውቃለህ? የሸክላ ጽዋ። መልኩ የነሐሱን የመሰለ፣ ጌጡ ሳይቀር በላዩ የተቀረጸ፣ ግን አፉ የተደፈነ። ምንም አይቀዳበትም። ጽዋ እንዲመስል ብቻ የተሠራ። የነሐሱ ባለቤት ለሕዝቡ ያስተረፈው እሱን ነው። እኛ ሙያተኞቹ ለዚህ ለውጥ ስም አለን፤ ማኅበራዊ ዕድገት እንለዋለን። መንደር ወደ ትልቅ ሥርዓት ሲያድግ፣ ሹም ሲወጣ፣ ሥራ ሲከፋፈል ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ርእሱ ይኸው ነበር። እማዬ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ የነገረችኝ ዕለት ግምጃ ቤት ገብቼ ከእነዚያ የሸክላ ጽዋዎች አንዱን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ያን ርእስ መጻፍ አልቻልኩም።

ግድ ነው እንዳትለኝ። ዘመን ያመጣው ነው፣ ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው እንዳትለኝ። ከዚያው መንደር የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ሌላ ሕዝብ ነበር፤ እነሱም ነሐስ ማቅለጥ ያውቃሉ፣ ከእነዚህ የሚበልጥ ዕቃ ሠርተዋል። እነሱ ግን ዕቃቸውን በማንም መቃብር ውስጥ አላስገቡም። ኮረብታ ላይ፣ የማንም ባልሆነ ቦታ፣ ለተራራው ሰጥተው ቀበሩት። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም። አንድ ሰው ሁሉን ጠቅልሎ እንዲይዝ የግድ እንዳልነበረ ብቻ አውቃለሁ።

ሊዮ የሚባል ባልደረባ አለኝ። አያቶቹ ከቻይና የመጡ፣ እሱ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ተወልዶ ያደገ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ያንተን ነገር አጫወትኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ፣ ታዲያ ወንድምሽ የእኛ መቃብር ሰማንያ ስምንት ነዋ አለ። ይኸውልህ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ስምህ ሰማንያ ስምንት ነው። ጠዋት ስገባ ሰማንያ ስምንት ጽዋውን መለሰ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሰውዬውን ግን ብዙ አልወቅሰውም፤ ያ ሰው እንኳ ሁሉን የሰበሰበው ሲሞት ነው። አንተ ቆመህ፣ በጤናህ፣ ምንጣፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ እማዬ ልመጣ። የካቲት አሥራ ስድስት የእማዬ ወር ነው። ለምን የእሷ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ግን ድጋሚ ስማው። ከአንተ በፊት ሁለት ልጅ ቀበረች። ከዚያ ጽዋው ቤቷ ባደረበት ወር፣ የሚወለደው ከቆመልኝ በየዓመቱ በታላቁ ቀን በቤቴ አወጣሻለሁ ብላ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች። አንተ ተወለድክ፣ ቆምክ፣ ወፈርክ። ማኅበሩም የካቲትን ለእሷ ለቀቀላት። ሃምሳ ዓመት ያህል አንድም ቀን አላጓደለችም። አባታችን በሞተበት ዓመት እንኳ ጥቁር ለብሳ ጠምቃለች። የስለት ልጅ የሆንከው አንተ ነህ። ስለቱን ቆልፈህ ያስቀመጥከውም አንተው ነህ።

ቡፌው ከተሠራ ወዲህ ሁለት የካቲት አልፏል። በመጀመሪያው እማዬ ጠላዋን በጄሪካን አስጭና ቤትህ ድረስ መጣች፤ በራሷ ወር እንግዳ ሆና ሶፋህ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጠላው ደፍርሷል ብለህ በወይን ጠጅ ተካኸው። በሁለተኛው ልቧ ታሞ ስለነበር ከቤት አልወጣችም፤ አንተም ደውለህ፣ እማዬ አታስቢ፣ እኛ አውጥተንልሻል አልካት። አሁን ሐኪሟ ደረጃ እንኳ እንዳትወጣ ከልክሏታል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ደውዬ ምን ልላክልሽ ስላት፣ ምንም አልፈልግም፣ በዚህ የካቲት ጽዋዋ ደጃፌን ከረገጠች ሌላ አልመኝም አለችኝ። ለዘመድኩን ንገሪው ስላት፣ ተይው ልጄ ነው፣ ሰው ፊት እንዳይዋረድብኝ አለች። እሷ የምታስበው ላንተ መዋረድ ነው።

ይህን ነገር ይዤ ነበር ሦስተኛውን ስልክ የደወልኩልህ። የመለስክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አንቺ ራስሽ ፈርመሻል፣ ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ነው፣ ዕቃው ቢሰበር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ እናቴንም ከአንቺ በላይ የምጦራት እኔ ነኝ አልከኝና ዘጋህ። እውነትህን ነው፤ ፈርሜያለሁ። ትጦራታለህም፣ መድኃኒቷን ትገዛለህ፣ ቤቷን አሳድሰሃል። አልክድህም። ሴትየዋ የተመኘችው ግን ጣሪያ አይደለም።

ስለዚህ ይህን በሁለት ዓይንህ እይልኝ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለተኛ ወረቀት አለ። በመስከረም 2016 የጻፍኩት የተሳሳተ መሆኑን፣ ጽዋው የሙዚየም ዕቃ ሳይሆን የማኅበር ዕቃ መሆኑን፣ ከቤት ወደ ቤት እንዲሄድ፣ ጠላ እንዲቀዳበት፣ በእጅ እንዲያዝ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ይጎዳል ወይ ብትለኝ፣ አዎ ይጎዳል። ጠላ ነሐስን ይበላል፣ እጅም ያሳሳዋል። ይሳሳ። እግሩ አንድ ጊዜ ተሰብሮ አንድ ሙያተኛ ጠግኖታል፤ ዳግመኛ ቢሰበር ዳግመኛ ይጠገናል፤ ሰው ከጠፋ እኔ መጥቼ እጠግነዋለሁ። ሲሠራበት የኖረ ነሐስ እንደዚህ ነው የሚያረጀው። የመጀመሪያውን ወረቀት ከግድግዳህ ላይ አንሣው። ላሚኔቱን መቅደድ ስለሚያስቸግርህ በመቀስ ቁረጠው።

ደብዳቤውን የሚያመጣው ጋሽ ወልደገብርኤል ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጎ የመጣ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንጋፋ ሰው ነው፤ ጥምቀትን አዲስ አበባ ሊያከብር ይሄዳል። መጀመሪያ፣ ልጄ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት ሃንድ ካሪ የሚያደርግ ማን አለ፣ ፎቶ አንሺና ኢሜይል አድርጊው ብሎ አሾፈብኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ቀልዱን ተወና ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ፖስታውን አላሸግሁትም። አንተ ጋም አልላክሁትም። ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው ለጋሽ ዘውዴ ነው የሚሰጠው።

ይህን የምነግርህ እንድትረዳልኝ ነው፤ ይህ ደብዳቤ አንተ የምታነበው አይደለም። ጥር አሥራ ስድስት ቀን ያንተ ሳሎን ውስጥ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ጋሽ ዘውዴ ተነሥቶ ነው የሚያነበው። እስካሁን የሰማኸው ሁሉ ሰው ፊት ነው። አሁን ቀና ብለህ እያቸው። አሥራ አንድ ቤት ነው የተቀመጠው፤ እትዬ አክሱማዊትን ይዘዋት እንዲመጡ ጠይቄያለሁ። አሥራ ሁለተኛዋ የለችም፤ ለምን እንደሌለች ታውቃለህ። ስለዚህ ደብዳቤም የምታውቀው ነገር የለም፣ እሷን እንዳትቆጣት። እንድትዋረድ አትፈልግም ነበር። እኔ ፈለግሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልጨርስ። ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎን በዚህ ዕድሜዎ ሰው ቤት አስቁሜ የወንድሜን ነገር ስላስነበብኩዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ዓይንዎ ደህና መሆኑን ተስፋ አደርጋለሁ። እትዬ አክሱማዊት፣ ኅዳር ያንቺ ነው፤ ጉልበትሽን እስማለሁ። ለማኅበርተኞቹ ሁሉ በያላችሁበት እጅ እነሣለሁ፤ ያን ወረቀት ስለጻፍኩባችሁ ማሩኝ። እሌኒዬ፣ አባትሽን በዚህ ስላሳየሁሽ አዝናለሁ፤ የአያትሽን ስለት ግን ማወቅ ይገባሻል። ለእማዬ ሰላምታዬን የምታደርሱልኝ ጽዋው ደጃፏን ሲረግጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም አትንገሩብኝ።

ዘመድኩን፣ ለአንተ የቀረኝ ሰላምታ የለም።

ፀዲዬ፣ የቡፌው ቁልፍ ቦርሳሽ ውስጥ እንዳለ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ጻፊውም ብለሽኛል። ሁሉም አንቺን እያየ ነው። ተነሺ፣ ክፈቺው፣ ጽዋውን ለጋሽ ዘውዴ ስጪ።

ብሩክታዊት
ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.